ይሉኝታ የሌላቸው አይጦች

የሰፈሩ ሰው ዶክተር መሆኗን እንጂ የምን ዶክተር እንደሆነች አያውቅም ነበር። ልጁ ያተኮሰበት ጎረቤት በሯን ሲያንኳኳ፣ "ይቅርታ፣ እኔ ሰው አላክምም" ትለዋለች። "ታዲያ ማንን ነው የምታክሚው?" ሲላት፣ "አይጥ" ትላለች። ጎረቤት ቀልድ መስሎት ይስቃል፤ እሷ ፊቷን ሳትፈታ ቆማ ስትጠብቀው ሳቁን ሰብስቦ፣ ልጁን አቅፎ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሰው እንዲህ ከተመለሰ በኋላ "የአይጥ ሐኪሟ" የሚል ስም ወጣላት። ይህ ደህናው ስሟ ነው፤ ኋላ የወጣላት ይብሳል።

ውሸቷን አልነበረም። የምትሠራው በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ በረኪናና የአይጥ ሽንት ተጋፍተው በሚሸቱበት ክፍል ውስጥ ነው። የምትፈልገውም ፓርኪንሰን ለሚባለው፣ ሰውን አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ በመጨረሻ እንደ ግንድ ለሚያደርቀው በሽታ መድኃኒት ነው። በሽታው የሚመጣው አንጎል ውስጥ አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ያሉ ህዋሶች እየሞቱ ሲያልቁ ነው፤ እነሱ የሚያመነጩት ቅመም ሲጠፋ እጅና እግር ጌታቸውን መስማት ይተዋሉ። የሞተውን ማስነሳት የፈጣሪ ፋንታ ነው። እሷ ያሰበችው በሞቱት ቦታ ሌሎችን መትከል ነበር፤ በብርጭቆ ሳህን ላይ አብቅላ፣ እንደ ችግኝ ተንከባክባ፣ በቀጭን መርፌ አንጎል ውስጥ ማስቀመጥ።

አይጧ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። የአንጎሏ አንድ ወገን የተጎዳባት አይጥ መድኃኒት ተወግታ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ስትቀመጥ ወደ አንድ ጎን ብቻ ትዞራለች። ጭራዋን የሰረቀባት ያለ ይመስል ትዞራለች፣ ትዞራለች። የተተከለላት ህዋስ ሥር ከያዘ ከወራት በኋላ ይህን ትታ እንደ ማንኛዋም አይጥ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እንግዲህ የዶክተሯ ወጣትነትም ጉልምስናም ያለፈው አይጥ ስትዞር በመቁጠር ነው። የትኛዋ ህዋስ እንደተተከለላት፣ የትኛዋ በባዶ መርፌ እንደተሸነገለች እንዳታውቅ፣ መነጽራሙ የሚባለው ዝምተኛ ረዳቷ የጎጆዎቹን ምልክት በፕላስተር ይሸፍንባታል። ያወቀ ሰው ያዳላል፤ የሚወዳትን አይጥ ሳያስበው አንድ ዙር ይቀንስላታል። ሌላው ምሁር በሚያውቀው ሲኮራ እሷ ባለማወቋ ትኮራ ነበር።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ለታላቅ ወንድሟ አስረዳችው። እሱ ምላጩን በቆዳ ላይ እያሻሸ ጸጥ ብሎ ሰማት።

"እና ይሄን ሁሉ ዘመን የተማርሽው አይጥ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ቀጥ ብላ ስትሄድ የት ልትደርስ?"

"ሰው ጋ።"

"እኛ ቤትማ ሳትማር መጥታለች" አለ።

ጋሼ ፀጉር አስተካካይ ነው። እናትና አባታቸው ሳትጠግባቸው ስላለፉ ያሳደጋት እሱ ነበር። ከመስታወቱ ሥር ባለው ሣጥን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ የደንበኛ ፀጉር ደብተሯ ላይ ይረግፍባት ነበር፤ አስተማሪዋ ደብተሯን ከፍታ እያራገፈች ነበር የምታርመው። ጋሼ ስለ አይጥ ቢያላግጥም ሰው ፊት ሲሆን ሌላ ነው፤ "እህቴ አንጎል ትተክላለች" ብሎ መቀሱን በአየር ላይ ሁለቴ ያንጫጫል። ደንበኛውም ቀና ብሎ፣ "ለእኔም ባለቤት አንድ ታስቀምጥልን" ይላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልትጠይቀው ሄዳ ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ ሳለ፣ መስታወቱ ውስጥ ግራ እጁን አየችው። ማበጠሪያውን አስቀምጦ ከደንበኛ ጋር ያወራል፤ አውራ ጣቱ ግን ጌታውን ሳያማክር ብቻውን የማትታይ ፍርፋሪ ያድቦለቡላል። ያን የጣት ነገር በመጽሐፍ ታውቀዋለች፣ በፊልም ታውቀዋለች፤ በሥጋ ዘመድ ላይ ሲመጣ ግን መልኩ ሌላ ነው። ያኔ ምን አለች? ምንም። "ደህና ዋል ጋሼ" ብላ ወጣች። እንዴት ተብሎ ፊት ለፊት ይነገራል? እሱም እንዳየችው በመስታወቱ አይቷል፤ እሱም ላለማሳዘን ዝም አለ። እንዲህ ሲተዛዘኑ አንድ ሙሉ ክረምት አለፈ።

ዝምታውን የሰበረችው የወንድሟ ሚስት ናት። እሷ ይሉኝታ የሚባል ነገር ሲታደል ገበያ የሄደች ሴት ናት።

"ዶክተርዬ" አለቻት፣ ሦስቱም አብረው ሻይ ሲጠጡ፣ "ይሄ ሰውዬ ሻይ ሲጠጣ ግማሹን የሚጠጣው እኔ ቀሚስ ላይ ነው። ያን የአይጥ ነገር ለምን ለእሱ አታደርጊለትም?"

ጋሼ በአፍረት ተሸማቀቀ። "ተያት እቴ፤ እኔ ደህና ነኝ።"

"አደርግለታለሁ" አለች እህቱ። "ለሰው ገና አልተፈቀደም እንጂ አደርግለታለሁ።"

"መቼ?" አለች ሚስትየው።

"በቅርቡ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄደች ቁጥር "መቼ ነው?" ይሏታል፤ በሄደች ቁጥር "በቅርቡ" ትላለች። እውነቷን ነው፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ የቀረበ ይመስላት ነበር። አንዴ ህዋሶቹ በሽታ ገብቶባቸው ሳህናቸው ላይ አለቁ፤ "በቅርቡ" አለች። አንዴ አይጦቹ መዞር ትተው ስትፈነድቅ፣ በሌላ አገር ያለ ሊቅ "እስቲ ደግመሽ አሳይኝ" ብሎ ጻፈላት፤ ስትደግመው አይጦቹ እንደገና ዞሩ፤ "በቅርቡ" አለች። "ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይላሉ፤ ያንቺዎቹ ምስክር ደግሞ አንቺ" ይላታል ጋሼ፣ ሊያስቃት ብሎ። በሱቁ የሚያመሹት ደንበኞች ስሟን ቀይረው "ዶክተር በቅርቡ" አሏት። ጋሼ ይቆጣቸዋል፤ እሱ ራሱ ግን ሳቁን በፎጣ ሲሸፍን ታይቷል።

ስለነዚያ ደንበኞች ደግሞ ትንሽ ማለት ይገባል። መንቀጥቀጡ ከግራ እጁ ወደ ቀኙ ሲሻገር አንዳቸውም አልሸሹትም። አገጫቸው ላይ የወረቀት ቁራጭ ለጥፈው፣ የአንዱ ጆሮ ግንድ ፀጉር ከሌላው በአንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ "እጅህ ይባረክ፣ እንዳንተ የሚያምርለት የለም" እያሉ ይወጡ ነበር። ከሱቁ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ ግን ዘዴ ነበረው፦ ጋሼ ጋ ይላጭና ማታ ሌላ ሰፈር ያለ አስተካካይ ጋ ሄዶ ያስጠግነዋል። ጋሼም ያውቃል። አውቆም "ምነው ዛሬ አልመጣህም?" ብሎ ይቆጣዋል።

ፈቃዱ የመጣው ዶክተሯ ራሷ ሸብታ፣ ጡረታዋን ደጃፍ ላይ ስታይ ነው። በሰው ላይ ይሞከር ተባለ። መነጽራሙ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ ኮሪደሩ ላይ በደስታ ጮኸ። እሷ ግን ደንቡን እስከ መጨረሻው አነበበችና ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። የተመራማሪ ዘመድ በሙከራው ውስጥ አይገባም ይላል። እንዳያዳሉለት ነው። ደንቡን ያረቀቀችው ራሷ ናት።

ሦስት ቀን አልሰነበተችም፤ ሥራዋን ለቀቀች። ያን ሁሉ ዘመን በመርፌ ጫፍ ያሳደገችው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ራስ ውስጥ ሲገባ እሷ ውጭ ልትቆም ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አሉ የተቋሙ ሰዎች፤ ምን በላችና። ወንበሯን መነጽራሙ ተረከበ። እሷ ጋውኗን አጣጥፋ፣ የሻይ ኩባያዋን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሱቅ ሄደች።

"በቃ ተፈቀደ። ዘመድ አይገባም ስለሚል ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ አንተም ትገባለህ።"

ጋሼ መቀሱን አስቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ጭንቅላቱ እንዲበሳ አንድም ቀን ፈልጎ አያውቅም። "መቼ ነው?" እያለ ሲጠይቃት የኖረው ስለ ሥራዋ ሌላ የሚጠይቀው ስለማያውቅ ነው፤ ሰው የዘመዱን ልጅ "ስንተኛ ክፍል ደረስክ?" እንደሚለው። አሁን ግን ሥራዋን ለእሱ ብላ ለቃ ፊቱ ቆማለች። ፈራሁ እንዳይል አፈረ።

"እሰይ!" አለ። "እሰይ እቴ! ተመስገን።"

"ነቅለው ሊተክሉ ነው" አለች ሚስቱ ማታ። "የሚነቀለውስ የት ይጣላል?"

"ዝም በይ" አላት። ሌሊቱን ሙሉ ግን የሚነቀለውን ሲያስብ አደረ።

ሙከራው እንደ አይጦቹ ነው፦ ለግማሹ ሰው ህዋሱ ይተከልለታል፤ ለግማሹ የራስ ቅሉ ላይ ጎድጎድ ብቻ ተደርጎ ይሰፋል። ማን ምን እንደደረሰው ቀዶ ጠጋኙ ብቻ ያውቃል። ቀዶ ጠጋኙ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ እጁ ግን እንደ ዳንቴል ሠሪ የለዘበ ሰው ነው። "አባቴ፣ ፀጉርዎን ማን ያስተካክልልዎታል?" ብሎ ሲጠይቀው ጋሼ፣ "ራሴ ነኝ" አለ። ቀዶ ጠጋኙ የጆሮ ግንዱን አየና፣ "በጣም ያምራል" አለ። እሱም እንግዲህ ያገር ልጅ ነው።

ህዋስ ሥር እስኪይዝ ከዓመት በላይ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሼ በየወሩ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል። መንቀጥቀጡን ለጊዜው የሚያበርድለትን ኪኒን ከማታው ጀምሮ ሳይውጥ እንዲመጣ ታዟል፤ በኪኒን የመጣ መሻል ከህዋሱ እንዳይምታታ ነው። አንዲት ነርስ ጣትዎን ያገጣጥሙ፣ ከወንበር ይነሡ፣ ይራመዱ ትለውና፣ "እንዴት ነዎት አባባ?" ብላ ትጠይቀዋለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።"

እህቱም አላስችላት ስትል፣ "ጋሼ፣ እንዴት ነህ?" ትለዋለች።

"ይመስገን እቴ። ተሽሎኛል። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።"

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን በአይጥ ያደገች ሴት ናት፤ የቃል ወሬ አያጠግባትም። አንድ ቀን ከሱቁ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆማ በመስኮቱ ሰርቃ አየችው። ደንበኛ የለም። ጋሼ ወንበሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሁለቱን እጆቹን በጭኖቹ መካከል አጥብቆ ይዟል፤ ከነእጆቹ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዳቦ ሻጩ፣ "የሚገዙ ከሆነ ይግዙ" እስኪላት ቆመች። ዳቦ ገዝታ ገባች። ጋሼ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

"እንዴት ነህ ጋሼ?"

"በጣም ደህና!"

ብዙም ሳይቆይ መነጽራሙ ቤቷ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ውጤቱ ተከፍቶ ነበር።

"የተተከለላቸው በሙሉ ተሽሏቸዋል" አላት።

"እና ምን ትሆናለህ?"

"ያልተተከለላቸውም በሙሉ ተሽሏቸዋል። እኩል። 'ህዋሱ ምንም አልሠራም፣ ሥራውን ዝጉ' እያሉን ነው።"

ዶክተሯ ይህን ይዛ ወደ ጋሼ ቤት ሄደች። እሱ አልነበረም፤ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች።

"እትዬ፣ አንቺ አትዋሺኝም። እውነት ተሽሎታል?"

"የቱ? ያው ነው እንጂ። የምርመራው ቀን ሲሆን ብቻ ኪኒኑን በጠዋት ደርቦ ይውጣል። ወሩ ሳያልቅ መድኃኒቱ ያልቅበታል፤ የመጨረሻውን ሳምንት እኔ ነኝ እንደ ሕፃን የማበላው።"

"እንዴ! ሳይውጥ ነው መሄድ ያለበት!"

"ነገርኩት። 'እንደዚያ ደክሞ ለሠራ ሰው ፊቱ ላይ እየተንቀጠቀጥኩ ልቅረብ? ነውር አይደለም?' አለኝ። ደግሞ እሱ ብቻ መሰለሽ? መቆያ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነው የሚውጠው። እርስ በርስ ይበዳደራሉ።"

ዶክተሯ መጀመሪያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ እንባው ብቻ ቀረ። ይህን ሁሉ ዘመን ለሁሉም ነገር ስትጠነቀቅ፣ ፕላስተር ስትለጥፍ፣ ራሷን ስታሳውር፣ አንድ ነገር ረስታለች። አይጥ ይሉኝታ የላትም። ካልተሻላት ትዞራለች፤ ማንም ይፈር ማንም ይዘን ትዞራለች። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለቻት እትዬን። "ኪኒን በሠራው ህዋሴን ሊገድሉት ነው።"

ለመነጽራሙ ነገረችው። እሱም ሮጦ የሚመለከታቸውን ለመነ፤ ሁሉም በሽተኛ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በነርሷ ዓይን ሥር ያለ ኪኒን አድሮ፣ እንደገና ይታይ ተባለ። በዚያውም ያልተተከለለትና ያልተሻለው ሰው ካለ ተራው ደርሶት ይተከልለታል። ተሻለኝ ያለ ግን ተሽሎታልና ይሰናበታል።

የጋሼ ቀን ሲደርስ እህቱ እንደ ቤተሰብ አብራው ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ነርሷ፣ ቀዶ ጠጋኙ፣ መነጽራሙ፣ እነሱ ሁለቱ። ኪኒን ያልቀመሰው ጋሼ ወንበሩን ጭምር ያንቀጠቅጠዋል።

"አባቴ" አለው ቀዶ ጠጋኙ በለስላሳ ድምፅ፣ "አሁን ልንነግርዎ እንችላለን። የእርስዎ ዕጣ ባዶው ነበር። ምንም አላስገባንም።"

"ቢሆንም" አለ ጋሼ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ምስጋና ይግባችሁ፣ ተሽሎኛል።"

መነጽራሙ መነጽሩን አወለቀ። ነርሷ፣ "እንዲህ ብዬ ልጻፍ?" አለች።

"ቆይ" አለች እህቱ። ከወንድሟ ፊት ቁጢጥ አለች፤ በልጅነቷ የጫማ ክሯን እንዲያስርላት እንደምትቀርበው ያህል ቀረበችው። "ጋሼ፣ ስማኝ። እነዚህን ሰዎች ለማስደሰት ብለህ ከሆነ በሞቴ ተው። ለዛሬ ብቻ አይጥ ሁንልኝ።"

"ምን ሁን?"

"አይጥ።"

"በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ፊት?"

"ሰው ፊት። አይጦቼ አንዴም ዋሽተውኝ አያውቁም። አንተ ነህ የምትዋሸኝ።"

ጋሼ ወደ ቀዶ ጠጋኙ አየ፣ ወደ ነርሷ አየ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ከሞት ይልቅ የከበደው ይህ ነበር።

"ደህና አይደለሁም" አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

"ጮክ ይበሉ አባባ።"

"ደህና አይደለሁም! የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት፤ ስትቆልፍም ትሰድበኛለች። በር ላይ ስደርስ እግሬ ይተከላል። ማንኪያው አፌን አያገኘውም። ደህና አይደለሁም!" አንዴ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም። "የናንተም ወንበር ወገቤን ይቆርጠኛል። በየወሩ ከጠዋት ጀምራችሁ ታስቀምጡኛላችሁ፣ ውሃ እንኳ አታቀርቡም። እርስዎ ዶክተር፣ ያ መሰርሰሪያዎ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፤ ለካስ በባዶ ነው! አንቺም" ወደ እህቱ ዞረ፣ "ሥራሽን ልቀቂልኝ ብዬ ለምኜሻለሁ? ፈርቼ ነበር እኮ! አንድ ቀን እንኳ 'ትፈራለህ ወይ?' ብለሽ ጠይቀሽኛል?"

"አልጠየቅኩህም" አለች።

"አልጠየቅሽኝም!"

ነርሷ ብዕሯ አልደርስ አላት። ቀዶ ጠጋኙ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማል። ጋሼ ጨርሶ እንደ ተራገፈ ጆንያ ተነፈሰ።

"እና አሁን ትፈራለህ?" አለችው እህቱ።

"በጣም። ግን ባዶ ሆኜስ አልቀርም፤ አስገቡልኝ።"

የእሱን ያዩ ሌሎቹም ተራ በተራ አፋቸው ተፈታ፤ ሥራው ሳይዘጋ ቀረ። ለጋሼ በዚያው ዓመት ተተከለለት። እህቱ ወደ ምድር ቤቱ አልተመለሰችም፤ ቦታዋን መነጽራሙ ይዟል፣ አይጦቹም አዲስ ናቸው፤ አያውቋትም። አሁን ሥራዋ ከሱቁ ጥግ መቀመጥ ነው። ጋሼን ግን እንዴት ነህ ብላ አትጠይቀውም። መጠየቅ አያስፈልግም፤ አፉ ከተፈታ ወዲህ ማማረር ሙያው ሆኗል። ዝናቡን ያማርራል፣ ቶንዶሱን ያማርራል፣ ልብስ ሰፊውን "ያ ሌላው አስተካካይህ ጅል ነው፣ አንገትህን አበላሽቶታል" ብሎ በሰው ፊት አዋርዶታል። ሚስቱ፣ "ምነው እንደ ድሮው በተንቀጠቀጠና ዝም ባለ" ትላለች።

ከተተከለለት ዓመት አልፎ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ወጥቶ ፀጉሩን ሲጠርግ፣ ጋሼ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈና ሁለቱን እጆቹን እፊቷ ዘረጋቸው።

"እይ እስቲ" አለ። "ግራው ተሽሎኛል። ቀኙ ያው ነው፣ ርጉም።"

መቀስ የሚይዘው ቀኙ ነው፤ ግራው ማበጠሪያ ከመያዝ አልፎ ሙያ የለውም። እህቱ አየቻቸው። ግራው እንደ ተኛ ልጅ ጸጥ ብሏል፤ ቀኙ ይርገበገባል። ግራው ተሻለ ሲላት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃሉን አመነችው።